ማን ይጠብቃል? ስለ ጥበቃ ቃሎቻችንና ስለ ድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ
(በኮሶዬ ለወረዳ የሥራ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመደበልኝ ጉዳይ የድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለ ዝናብ መለኪያና ስለ ሳተላይት ምስል ከእኔ አብልጠው የሚያስረዱ ባለሙያዎች በመካከላችን ስላሉ፣ ያን ለእነርሱ ትቼ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈውን አንድ ነገር አነሣለሁ፤ ይኸውም ሥራውን የምንጠራባቸውን ቃሎች ነው። ቃል ለሰዋስው መምህር ይተው የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በቅጻችን ላይ የጻፍነው ቃል ለገበሬው ምን እንደሚነግረው ካላወቅን፣ ገበሬው የሚሰጠንም መልስ ምን ማለት እንደሆነ ልናውቅ አንችልም።

ይህ የተሰበሰብንበት ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ የደጋ አፋፍ ነው። ገብሱና ባቄላው የተዘራበት ሜዳ በድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ሥር ቆላው እስከ ዐይን መድረሻ ይዘረጋል። ጭላዳው ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ሣሩ ይወጣል፤ ሣሩ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ገብሱ ይዘልቃል። ስለዚህ እሸት በሚደርስበት ወራት በየማሳው ዳር ማማ ይሠራል፤ ማማው ላይም ሰው ይወጣል። ቀን ጭላዳንና ወፍን በወንጭፍና በጅራፍ ድምፅ ይመልሳል። ሌሊት ከርከሮና ጃርት ስለሚመጡ እሳት አንድዶ፣ እየጮኸ ያነጋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሥራ የልጆችና የሽማግሌዎች ነው፤ ጎልማሳው በሌላ ሥራ ላይ ይውላልና። ይህን ሰው ሕዝቡ በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ «ጠባቂ» ይለዋል።

ይህ ጠባቂ ስለ ጭላዳ ብቻ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። ከማማው ላይ ሆኖ የጎረቤትን ማሳ ሁሉ ያያል። የማን ገብስ ሳያዝል ቢጫ እንደሆነ፣ ውርጩ በየትኛው ተረተር እንደ ወረደ፣ የማን በሬ ወደ ገበያ ሲነዳ እንደ ታየና ሳይመለስ እንደ ቀረ፣ የትኛው ቤት ጭስ ማውጣት እንደ ቀነሰ ያውቃል። የእኛ የመስክ ሪፖርት በሦስተኛው ወር የሚደርስበትን ነገር እርሱ በሦስተኛው ቀን ደርሶበታል። ነገር ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ቢጠየቅም የሚጠየቀው በሌላ ቃል ነው። የዛሬው ጉዳዬ እዚህ ላይ ይጀምራል።

«ጠበቀ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይዟል። አንደኛው ዘብ ቆመ፣ ከጉዳት ከለለ ማለት ነው፤ «ማሳውን ጠበቀ» እንደምንለው። ሁለተኛው ይመጣል ብሎ ቆየ ማለት ነው፤ «እንግዳውን ጠበቀ» እንደምንለው። ሁለቱን የሚለያቸው በግሡ አካባቢ የሚቆመው ስም ብቻ ነው። ከዚሁ ድምፅ ጋር የሚቀራረበው «ገመዱ ጠበቀ» የሚባለውም አለ፤ በኃላፊው ጊዜ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ «ይጠብቃል» ሲባል ግን የዘበኛው «ብ» ይጠብቃል፣ የገመዱ «ብ» ይላላል። ይህን የሰዋስው ነገር ያነሣሁት ለጨዋታ ያህል ነው፤ ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ።

በማማው ላይ ያለው ልጅ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ማሳውን ከአውሬ ይጠብቃል፤ መከሩንም ይጠብቃል። የሚጠብቀው ነገር ስላለው ነቅቶ ያድራል፤ ነቅቶ ስላደረም የሚጠብቀው ነገር ይደርስለታል። በእኛ ጽሕፈት ቤቶች ግን ሁለቱ ትርጉሞች ከተለያዩ ቆይተዋል። «ጠባቂ» ስንል ወይ የእህል መጋዘኑን ዘበኛ ማለታችን ነው፣ ወይ ደግሞ «እርዳታ ጠባቂ» የምንለውን ሰው። የመጀመሪያው ጆንያ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው እጅ ይጠብቃል። ትናንት በማማው ላይ ዐይኑን ወደ ገደሉ ተክሎ የነበረው ሰው፣ ዛሬ በዝርዝራችን ውስጥ ዐይኑን ወደ እኛ መኪና የተከለ ሰው ሆኖ ተመዝግቧል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ሰውዬው የሚያይበት አቅጣጫ ግን ዞሯል። ሕዝቡ ችግረኛነትን ሲገልጽ «የሰው እጅ ማየት» የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለ ሌሎቹ የጥበቃ ቃሎች በአጭሩ ልናገር። «ዘበኛ» ከ«ዘብ» የወጣ ነው፤ የክብር ዘበኛን ሁላችንም ሰምተናል። «ዋርድያ» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን እስከ ዛሬ በሰፈሩና በድርጅቱ ደጃፍ ይሰማል። የግእዙ «ዐቀበ» ብዙ ልጆች አሉት። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ይጠራበት የነበረው «ዐቃቤ ሰዓት»፣ ዛሬም የምንሠራበት «ዐቃቤ ሕግ»፣ የዓለም መንግሥታት የሚጥሉት «ማዕቀብ» ሁሉ ከዚያ ናቸው። ገንዘብ በጋራ የሚያጠራቅመውንም «ዕቁብ» ከዚሁ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። «አሳዳሪ» እና «ሞግዚት» በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለሕፃኑ አካልና አስተዳደግ፣ ሁለተኛው ለሕፃኑ ሀብት። ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ልጆች ጉዳይ የያዛችሁ ሠራተኞች ይህን ልዩነት ብታስታውሱት መልካም ነው፤ ልጁን የሚያበላ ሰው መሬቱንም ይጠብቅለታል ማለት አይደለምና።

በደጅ ላይ የሚቆሙትን ጠባቂዎች ግን እንዲሁ ላልፋቸው አልወድም። በቀድሞው ቤተ መንግሥት አጋፋሪና እልፍኝ አስከልካይ የሚባሉ ሹማምንት ነበሩ። «አስከልካይ» የሚለው ቃል ራሱ እንደሚናገረው፣ ሥራቸው ከጌታው ዘንድ ማን እንደሚገባ መለየት፣ ያልተፈቀደለትንም መከልከል ነበር። ከደጁ ውጭ ደግሞ ሌላ ሰው ይቆማል፤ እርሱም ደጅ ጠኚ ነው። ደጅ ጠኚ ሹመት ወይም ፍርድ ፈልጎ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እንግዲህ በአንድ በር ላይ ሁለት ጠባቂ አለ ማለት ነው፤ አንዱ በሩን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። በሩን አልፎ በእልፍኙ ያለው ጌታ አገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ቢፈልግ፣ ወሬው የሚደርሰው እነዚህን ሁለቱን አልፎ ነው። የወረዳ እርዳታ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ከዚህ ምን ያህል እንደሚለይ እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን ችግር የጥንት ሰዎች አላጡትም። መሳፍንቱና ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። እረኛ በየተራራው የሚያንጎራጉረው ግጥም የሕዝቡን ልብ ያሳያልና፣ በእልፍኝ አስከልካዩ በኩል የማይገባው ወሬ በእረኛው አፍ ይገባ ነበር። የእረኛን ነገር ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። በግእዝ መንጋ ማሰማራት «ረዐየ» ነው፣ በዐይኑ «ዐ»፤ ማየት ደግሞ «ርእየ» ነው፣ በአልፋው «አ»። «እረኛ» ከፊተኛው፣ «ራእይ» ከኋለኛው የወጡ ናቸው። በጽሕፈት የተለያዩ፣ በዛሬ አንደበታችን ግን የማይለያዩ ሁለት ቃሎች ናቸው። ይህ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው ሳያይ አያሰማራምና።

ሌላው ቃል «ቃፊር» ነው። ቃፊር ሠራዊቱ ከሰፈረበት ቀድሞ ወጥቶ የጠላትን አመጣጥ የሚያይ ነው። ቃፊር እንዲዋጋ አይጠበቅበትም፤ አይቶ ይመለሳል ወይም ምልክት ይሰጣል። ሥራው የሚለካው በጊዜው ነው፤ ጠላት ከሰፈሩ ከገባ በኋላ የመጣ ቃፊር፣ የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ምንም አልሠራም። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛን በአንድ ጥንታዊ የአማርኛ ቃል ጥራው ብባል ይህን እመርጥ ነበር። በቅጽ ላይ ግን አላሰፍረውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ አካባቢ በደረሰበት አገር፣ ከዚያም ወዲህ ጠመንጃ ባልራቀበት ቀዬ፣ ደብተር ይዞ ቤትና ከብት የሚቆጥር ሰው በቀላሉ «ሰላይ» ይባላል። ቃፊርና ሰላይ በሰላም ጊዜ እንኳ ብዙ አይራራቁም። የመረጃ ሰብሳቢዎቻችሁን ከመላካችሁ በፊት ማን እንደላካቸው፣ የሚቆጥሩትም ለምን እንደሆነ በቀበሌው ስብሰባ እንዲነገር አድርጉ።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል ልምጣ። «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» እንላለን። «ማስጠንቀቂያ» በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ በጽሑፍ የሚሰጥ ተግሣጽ ነው፤ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የደረሰው ሰው ምን እንደሚከተለው ያውቃል። ስለዚህ የቀበሌ ሊቀ መንበር «የማስጠንቀቂያ ሪፖርት አቅርብ» ሲባል፣ ማን እንዲቀጣ ነው የምጽፈው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» እያለ የሚመጣው ገበሬው ስላላየ አይደለም፤ ያየውን የሚጽፈው ሰው፣ ችግር መኖሩን መጻፍ የራሱን ጥፋት ማመን መስሎ ስለሚታየው ነው። «ክትትል» የሚለውም ቃል ሌላ ችግር አለበት። መከታተል ከኋላ መሄድ ነው፤ የሚከታተል ሰው የሄደውን ያያል። ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ግን ማማ ላይ የወጣው ነው።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። የወሎ ረሃብ በ1965 ዓ.ም. ሰው በሚፈጅበት ጊዜ፣ በአውራ መንገዱ ዳር የሚያዩት ብዙዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎችም አይተው ተናገሩ። የዓለም ጆሮ የደረሰው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ሥርዓቱም ሠርቷል። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ለለጋሽ መንግሥታት የእህል ጥሪ አቀረበ፣ የሚመጣውንም ተናገረ። ከኮረም የተነሣው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን ያስደነገጠው ግን ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። በመካከል ሰባት ወር አለ። በአገር ውስጥም በዚያው መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ይከበር ነበር። ማማው ላይ ጠባቂ አልጠፋም፤ ጮኾ ነበር። የጠፋው ከማማው ሥር ተነሥቶ የሚሮጠው ነው። በደጋው ልማድ እሪታ የሰማ ጎረቤት ያለ ምክንያት ቢቀር ይወቀሳል፤ እኛ ለቀረው ሰው እንዲህ ያለ ሥርዓት አላበጀንም።

የሚታየውም ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያሻል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወሳው መጽሐፉ የወሎን ነገር መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይወደድ ሰው በረሃብ እንዳለቀ አሳይቷል። ሰዎቹ የሚሸጡት ነገር፣ ከብታቸውና ጉልበታቸው፣ ዋጋ አጥቶ ስለ ነበረ እህሉን መግዛት አልቻሉም። ስለዚህ ሰማይን ብቻ የሚያይ ጠባቂ ግማሹን ብቻ ያያል። አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ እንደሚያወጣ፣ የማረሻ በሬ ከወቅቱ ውጭ ለገበያ መቅረቡን፣ ሴቶች ጌጣቸውንና የቤት ዕቃቸውን ማውጣታቸውን፣ ጎልማሶች ከልማዱ ቀድመው ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ መውረዳቸውን ማየት አለበት። ይህን ሁሉ የአምባ ጊዮርጊስና የዳባት ገበያተኛ ሴት ያለ ሥልጠና ታውቀዋለች።

ቅርብ የሆነውን ላንሣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ጎንደር ዞን በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ጠፋ፤ በ2016 መጀመሪያ ወራት ሰውና ከብት መሞቱ ከየወረዳው ተዘገበ። ከዚያው ክረምት መግቢያ፣ በሰኔ 2015፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ ለተረጂዎች የተላከ ምግብ በሰፊው ለሌላ ጥቅም ውሏል በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን ለወራት አቋርጠው ነበር። ስርቆቱ መጋለጡ ተገቢ ነው፤ የሰረቀውም ይጠየቅ። ነገር ግን እዚህ ላይ የሁለቱን ጥበቃ ልዩነት ልብ በሉ። ጆንያውን ለመጠበቅ ሲባል በሩ ተዘጋ፤ በሩ ሲዘጋ በውጭ ያለው ሰው የሚጠብቀው ነገር አጣ። መጋዘንን መጠበቅ ሰውን ለመጠበቅ ካልሆነ፣ የመጋዘን ዘበኛው ከእልፍኝ አስከልካዩ በምን እንደሚሻል አላውቅም።

ከሩቅ የሚያዩልንም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። አሜሪካኖች ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ያቋቋሙት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ለብዙ አገሮች ትልቅ ዐይን ሆኖ አገልግሏል፤ እኛም ብዙ ተጠቅመንበታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መንግሥታቸው የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ ግን ድረ ገጹ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ሳተላይቱ በሰማይ ላይ ነበረ፤ ያየውን የሚነግረን ሰው ግን ከሥራው ቀረ።

ይህ መጽሔት ስለ ሰፈራም የሚጽፍ ስለሆነ፣ ጠባቂው ከቦታው ሲነሣ ምን እንደሚሆን መናገር ይገባኛል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በድርቅ ከተጎዱት ክፍለ ሀገሮች ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ ከፋ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም ሳይወዱ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ በተደረገው ሰፈራ ደገኞች ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረዱ። የደጋ ሰው ውርጭን ከነፋሱ ያውቀዋል፤ በረዶን ከደመናው ያውቀዋል። ቆላ ሲወርድ የሚያጋጥመው ግን ግሪሳ ወፍ፣ ከብት የሚጨርስ ገንዲ፣ ወባና ካላዛር ነው። ለእነዚህ ምልክት የሚያነብ ዐይን ይዞ አልመጣም። የቆላው ነባር ነዋሪ ያን ዕውቀት ይዞታል፤ ሰፋሪውና ነባሩ ግን በመሬት የተነሣ ተቀያይመው ሲቀመጡ፣ አንዱ ያየውን ለሌላው አይነግርም። በሰፈራ ዕቅድ ውስጥ ስለ ቆርቆሮና ስለ ዘር ዓምድ አለ፤ ይህን የሚመለከት ዓምድ ግን አላየሁም።

በዚሁ በስሜን በግጭ የሆነውም የዚህ ወገን ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጠረ። ግጦሹን ለማቅለል ከአራት መቶ በላይ የግጭ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያውና ለሣሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክደውም። በተራራው ላይ ያለውን የፓርክ ጠባቂ ሕዝቡ «ስካውት» ይለዋል፤ ቦታውም «ጥብቅ» ይባላል፣ የተጠበቀ ማለት ነው፣ የተዘጋም ማለት ነው። ግን የግጭ ሰው ገበሬ ብቻ ሳይሆን እረኛም ነበረ። እረኝነት በትውልድ የሚገኝ የማየት ሙያ ነው፤ በካሳ ስሌት ውስጥ ግን የበጉ ዋጋ እንጂ የእረኛው ዐይን ዋጋ አይገባም። ወደ ከተማ የወረደ እረኛ ምን እየጠበቀ እንደሚውል፣ ደባርቅ ላይ የምትሠሩ ባልደረቦቼ ከእኔ ይልቅ ልትናገሩ ትችላላችሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየወሩ የምትሞሉት ቅጽ «የተረጂ ብዛት» በሚለው ይጀምራል። ከዚያ በፊት አራት ዓምዶች ይግቡ፦ ማን አየ፣ መቼ አየ፣ ለማን ነገረ፣ የሰማው ሰው ምን አደረገ። በመጀመሪያው ዓምድ የሚጻፈው የማሳ ጠባቂው፣ የእረኛው ወይም የገበያተኛዋ ስም ነው፤ ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ከጠየቃችሁ በኋላ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ቅጹ ወደ ዞን እንዳይላክ፣ ባዶ የሆነበት ምክንያት ይጻፍበት እንጂ። «የማስጠንቀቂያ ሪፖርት» የሚለው ርእስም ተነሥቶ «የታየ ነገር» ይባል፤ ሊቀ መንበሩ ሳይፈራ እንዲጽፈው። «እርዳታ ጠባቂ» የሚለውን ደግሞ ከዝርዝሮቻችን አውጥተን «የተቸገረ» ወይም በቀላሉ «ቤተሰብ» ብንል፣ እህሉ አይቀንስም።

የቅጹ ናሙና በመውጫው በር ላይ ተቀምጧል። በዚህ አፋፍ ላይ ሰው ወደ ማማው የሚወጣው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቅጹ ከነሐሴ በፊት በየቀበሌው ይድረስ፤ ወረቀት ያነሳችሁ ወረዳዎችም ዛሬውኑ አስመዝግቡ።